ከባዶ የሚጀመር የስፖርት እቅድ፤ የሚፈርስበትን ቦታ አሳዩኝ

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውልና ለዓመታት ስፖርት ላልሠራ ሰው የሚሆን እቅድ አውጥቻለሁ። ከመጀመሬ በፊት እዩልኝ፤ የሚፈርስ ከሆነም የት ጋ እንደሚፈርስ ንገሩኝ።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል መነሳት። 40 ደቂቃ ሶምሶማ። ከዚያ ስኳት (ቁጭ ብድግ) 20 በ3 ዙር፣ ፑሽ አፕ 15 በ3 ዙር፣ ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) 1 ደቂቃ በ3 ዙር። እሁድ እረፍት።

የሚያሰጉኝ ነገሮች፦ ቤት ውስጥ ትንንሽ ልጆች አሉ፤ ደረጃ ስወርድ አንዱ ጉልበቴ ከፊት በኩል ያመኛል፤ ከጫማ በቀር ምንም መሣሪያ የለኝም፤ ጂም የመግባት ሐሳብም የለኝም። ሰውነት ሲቆረጣጥም መቀጠል ነው ወይስ ማረፍ? ሐኪም የነገረኝ በሽታ የለም፤ መድኃኒትም አልወስድም።

ባለሰዓቱ፦

እቅድሽ የሚፈርሰው ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ መጠኑ ላይና መነሻው ላይ። ሰዎች ሲያቋርጡ ራሳቸውን ሰነፍ ይላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ሒሳቡ ላይ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። 40 ደቂቃ ሶምሶማ፣ ከዚያ 20 ደቂቃ ገደማ የጡንቻ ሥራ። ልብስ መቀየሩና መታጠቡ ሲጨመር በቀን 1 ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት 9 ሰዓት ይሆናል። ይህ 9 ሰዓት ዛሬ በሌላ ነገር ተይዟል። ከምን ላይ እንደሚቀነስ እቅዱ አይናገርም፤ ስለዚህ ከእንቅልፍሽ ላይ ይቀነሳል። እንቅልፍ የጎደለው ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት በጉጉት ይገፋዋል፤ በሁለተኛው ደወሉን አጥፍቶ ይተኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል፤ በተጨማሪ ቢያንስ 2 ቀን የጡንቻ ሥራ። ለጀማሪ ሶምሶማ ከጠንካራው ወገን ነው። አንቺ ያቀድሽው 240 ደቂቃ ነው። ማለትም ለአዋቂ ሰው በጠንካራው ወገን ከተጠቀሰው የላይኛው ቁጥር በልጦ ከዜሮ መጀመር። ቀድሞ የነበረው «አንዱ ጊዜ ከ10 ደቂቃ ካነሰ አይቆጠርም» የሚለው ደንብ በዚሁ መመሪያ ቀርቷል፤ 4 ደቂቃም ይቆጠራል። ይህን ያዢው፣ ልጆች ላሉበት ቤት ይጠቅማል።

አሁን መነሻው። «ጠዋት እሠራለሁ» ማለት ምኞት ነው። «ጥርሴን ቦርሼ እንደጨረስኩ ጫማዬን አስሬ ከበር እወጣለሁ» ማለት እቅድ ነው፤ በየቀኑ ሳይቀር ከሚደረግ ነገር ጋር ታስሯልና። ለታወቀው እንቅፋትም ከአሁኑ መልስ ጻፊለት። ከዘነበ ሳሎን ውስጥ ወንበር ላይ መነሳትና መቀመጥ 10 በ3 ዙር። ልጅ ከታመመ 5 ደቂቃ ብቻ። ያኔ ዝናቡን በመስኮት እያየሽ ከራስሽ ጋር ክርክር አትገጥሚም።

ማታ ልብሱ፣ ካልሲውና ጫማው በር አጠገብ ይቀመጥ። ጠዋት ካልሲ መፈለግ 3 ደቂቃ ይፈጃል፤ በ3 ደቂቃ ውስጥ ሰው ሐሳቡን ይቀይራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ሁለት መጠን ይኑርሽ። አንዱ ሙሉው፣ ሌላው ወለሉ። ወለሉ በጣም መጥፎ በሆነው ቀንም የሚቻል መሆን አለበት፦ 5 ደቂቃ መራመድ፣ ከወንበር 5 ጊዜ መነሳት፣ አበቃ። ወለሉን የሠራሽበት ቀን እንደ ሙሉ ቀን ምልክት ይደረግበታል፤ «ግማሽ» ብለሽ እንዳትጽፊው።

ስለ 21 ቀን የሚወራውን እርሺው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ላይ አንድ ልማድ በራሱ እስኪሄድ የፈጀው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ነበር፤ እንደ ሰውየውና እንደ ልማዱ ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። ከዚያ ጥናት ለአንቺ የሚጠቅመው ግን ሌላው ነው፤ አንድ ቀን መዝለል የልማዱን አካሄድ እምብዛም አላበላሸውም። ስለዚህ አንድ ቀን ቢቀር በማግስቱ «ለማካካስ» ብለሽ እጥፍ አትሥሪ። የማግስቱን ብቻ ሥሪ።

ጅማት፦

ባለሰዓቱ የጊዜውን ነገር ጨርሶታል፤ እኔ ወደ አካሉ ልሂድ።

ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይሻሻላሉ። ጡንቻም ብዙ አይቆይም። ጅማትና አጥንት ግን ለአዲስ ጫና እስኪጠነክሩ ወራት ይፈልጋሉ። ጀማሪ የሚጎዳው በዚህ ልዩነት ነው፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ትንፋሹ ይመቸዋል፣ ፍጥነት ይጨምራል፣ ቅልጥሙ ወይም ተረከዙ ማመም ይጀምራል። ለሩጫ ትንፋሽሽን ብቻ እየሰማሽ አትጨምሪ።

የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት በሶምሶማው ፋንታ መራመድ ብቻ፤ በሳምንት 4 ቀን፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። ፍጥነቱን በንግግር ለኪው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ትችያለሽ፣ መዝፈን ግን አትችይም። መዝፈን ከቻልሽ ዘገምሽ፤ በሦስት ቃል መካከል ትንፋሽ ካስፈለገሽ በዛ። በሦስተኛው ሳምንት በ3 ቀን፦ 5 ደቂቃ መራመድ፣ ከዚያ 1 ደቂቃ ሶምሶማና 2 ደቂቃ መራመድ እያፈራረቁ 6 ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ 3 ደቂቃ መራመድ። ሶምሶማ በተከታታይ ቀን አይሁን። ያለ ሕመም 3 ጊዜ ከወጣሽ ሩጫውን ወደ 1 ደቂቃ ተኩል ከፍ አድርጊ። ሕመም ካለ እዚያው ቆዪ። አንድ ሳምንት መድገም ምንም አያጎድልም።

ጉልበት። ደረጃ ሲወርዱ ከፊት በኩል የሚያም ጉልበት ብዙ ጊዜ የጉልበት ሎሚው (ከፊት ያለው ክብ አጥንት) አካባቢ ጫና ነው። መድኃኒቱ በአብዛኛው ከእንቅስቃሴ መሸሽ ሳይሆን ጭንና ዳሌን ማጠንከር ነው። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ስጪው። ስትሠሪ እስከ 3 ከሆነና በማግስቱ ጠዋት ወደነበረበት ከተመለሰ ቀጥዪ። 4 ወይም 5 ከሆነ የስኳቱን ጥልቀት ወይም ቁጥሩን ቀንሺ። ከዚያ ካለፈ አቁሚ። ጉልበቱ ካበጠ፣ ከተቆለፈ፣ ወይም ስትቆሚ ከከዳሽ ግን ይህ ውይይት አይበቃም፤ ሐኪም ይየው። ሶምሶማ ስትጀምሪ እርምጃሽ አጭርና ቶሎ ቶሎ ይሁን፤ እግርን ወደፊት ዘርግቶ በተረከዝ መምታት ጉልበት ላይ ጫና ይጨምራል። ቁልቁለት መንገድም ለጊዜው ይቅር።

የጡንቻው ሥራ ላይ ሦስት ነገር ልቀይር።

ስኳቱ ከወንበር ይጀምር። ከፍ ያለ ወንበር፣ እግር በትከሻ ስፋት፣ ጉልበት ወደ እግር ጣቶች አቅጣጫ፤ 3 እየቆጠርሽ ውረጂ፣ መቀመጫሽ ወንበሩን ሲነካ ሳታርፊ ተነሺ። 8 በ2 ዙር። ጉልበት ወደ ውስጥ ከተጠጋ ዙሩ እዚያው አለቀ፣ ቁጥሩ ባይሞላም።

ፑሽ አፕ 15 በ3 ወለል ላይ ለጀማሪ አይሆንም። ከአምስተኛው በኋላ ወገብ ይዘቅጣል፣ ክርን ወደ ጎን ይከፈታል፣ ትከሻ ማመም ይጀምራል። ግድግዳ ላይ ጀምሪ፣ ቀጥሎ ጠንካራ ጠረጴዛ፣ ቀጥሎ ዝቅ ያለ ወንበር፣ መጨረሻ ወለል። ወንበሩና ጠረጴዛው ግድግዳ ይደገፉ፤ ተንሸራቶ የሚወድቅ ጠረጴዛ ጥርስ ያስወጣል። ክርንሽ ከጎንሽ 45 ዲግሪ ገደማ ይራቅ። 12 በ3 ዙር በሁለት ተከታታይ የጡንቻ ሥራ ቀናት ከሠራሽ ወደሚቀጥለው፣ ዝቅ ወዳለው መደገፊያ እለፊ። ሁልጊዜም 2 ወይም 3 ድግግሞሽ አቅም ሲቀርሽ አቁሚ።

ሦስተኛው፣ እቅድሽ ውስጥ የሚገፋ እንጂ የሚስብ ሥራ የለም። ለተቀማጭ ሰው የላይኛው ጀርባ ነው ይበልጥ የሚያስፈልገው። የትከሻ ቦርሳ ውስጥ መጻሕፍት ክተቺ፤ አንድ እጅ ወንበር ላይ ይደገፍ፣ ከዳሌሽ ጎንበስ በዪ፣ ጀርባ ቀጥ ይበል፣ ቦርሳውን ወደ ጎድንሽ ሳቢ። በእያንዳንዱ እጅ 10 በ2 ዙር። ክብደቱ ልክ መሆኑ የሚታወቀው የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሲያንገራግሩሽ ነው። ከዚያ ጀርባ ላይ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ ዳሌ ማንሳት፣ 10 በ2፤ ለጉልበትሽም ይጠቅማል። ፕላንክ 20 ሴኮንድ በ3 ይበቃል። ዳሌሽ ሲወርድ ሰዓቱን አትጠብቂ። ሁሉም በሳምንት 2 ቀን፣ በመካከሉ ቢያንስ አንድ ቀን ክፍተት፣ ትንፋሽ ሳይያዝ፤ ስትገፊና ስትነሺ አስወጪ።

ቁርጥማት። ሥራው ካለቀ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይብሳል፣ በሳምንት ውስጥ ይጠፋል። «ላክቲክ አሲድ ነው» ይባላል፤ እሱ ግን እንቅስቃሴው ከቆመ በኋላ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ከደም ይጸዳል፣ በማግስቱ ሊያሳምም አይችልም። ቁርጥማቱን የሚያመጣው ጡንቻ እየተሳበ ሸክም ሲይዝ ነው፤ ስኳት ላይ መውረዱ፣ ደረጃ መውረድ፣ ቁልቁለት። በመጀመሪያው ቀን 60 ስኳት የሠራ ሰው ለ3 ቀን ደረጃ በመደገፊያ የሚወርደው ለዚህ ነው። ጥሩው ዜና ጡንቻው ቶሎ መልመዱ ነው፤ ያንኑ ሥራ ሁለተኛ ጊዜ ስትሠሪ ሕመሙ በጣም ያንሳል። ስለዚህ ቀላል ቁርጥማት ካለ ተራመጂ። መንበርከክና መቀመጥ እስኪያስቸግር ከሆነ ያንን ጡንቻ አንድ ቀን አሳርፊው፣ በሚቀጥለው ጊዜ በግማሽ ሥሪ። ማፍታታት ቁርጥማትን እምብዛም አይከላከልም፤ ደስ ካለሽ ሥሪው።

ቁርጥማት ያልሆነውን ለዪ፦ በአንድ ነጥብ ላይ የሚወጋ፣ መገጣጠሚያ ውስጥ ያለ፣ ወይም ስትሠሪ ድንገት የመጣ ሕመም። ጡንቻ አብጦ ሽንት እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ ደግሞ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነው፤ ሲብስ ኩላሊት ይጎዳል።

ጀማሪዋ፦

በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ልጆቹ ከእኔ ጋር ይነቃሉ፣ ስለዚህ ጠዋት ከበር መውጣት ብቻዬን አይሆንልኝም። ማታ ብሠራ እንቅልፍ ይነሳኛል ይላሉ፤ እውነት ነው? ሁለተኛው፣ ሚዛን ላይ በየስንት ጊዜው ልውጣ?

ሦስት_ጊዜ፦

ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ጸጥ ያለ 40 ደቂቃ የሚጠብቅ ሰው ይጠብቃል እንጂ አይሠራም። ቆርጠሽ በትኚው። 8 ደቂቃ ጠዋት፣ 8 ደቂቃ ምሳ ሰዓት ላይ መራመድ፣ 8 ደቂቃ ልጆቹ ሲታጠቡ ወይም ሲጫወቱ አጠገባቸው። 24 ደቂቃ ሆነ፤ በሳምንት 5 ቀን 120 ደቂቃ ነው። ወንበር ላይ መነሳት፣ ግድግዳ ፑሽ አፕ፣ ዳሌ ማንሳት፣ እነዚህ ልጅ እያየሽም ይሠራሉ። ትንሹ ጀርባሽ ላይ ሊወጣ ከሞከረ ፕላንኩን ለሌላ ሰዓት ተዪው፤ ወገብ ላይ ድንገት የሚዘል ክብደት ቀልድ አይደለም። ቤት ውስጥ ሌላ አዋቂ ካለ ደግሞ «ሲመችህ ልጆቹን ያዝልኝ» አትበዪ። «ማክሰኞና ቅዳሜ ከ12 ሰዓት እስከ 12 ተኩል የአንተ ተራ ነው» በዪ። ቀንና ሰዓት የሌለው ውል ማንንም አይዝም።

ማታ መሥራት በአብዛኛው እንቅልፍ አይነሳም። የሚነሳው ከባዱ ሥራ ከመኝታ በፊት ባለው የመጨረሻ 1 ሰዓት ውስጥ ሲሆን ነው፤ ልብ ገና በፍጥነት ይመታል፣ ሰውነት ገና ይሞቃል። የጡንቻውን ሥራ ከመኝታ 2 ሰዓት ቀድመሽ ጨርሺ፤ ከዚያ በኋላ ቀስ ያለ እርምጃ ችግር የለውም። የማታ እውነተኛ እንቅፋቱ ሌላ ነው፦ አንዴ ከተቀመጥሽ አትነሺም። ከሥራ ስትገቢ ከሶፋው በፊት ጫማ።

ሚዛኑን ለ6 ሳምንት ተዪው። አዲስ ሥራ የጀመረ ጡንቻ ለማገገም ውሃ ይይዛል፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። ክብደት በዋናነት የሚወሰነው በምግብ መጠን ነው፤ ስፖርት ብቻውን ብዙ ኪሎ አይቀንስም። በሚዛን የጀመረ ሰው በሚዛን ያቆማል። በየ2 ሳምንቱ ይህን ለኪ፦ በ30 ሴኮንድ ከወንበር ስንት ጊዜ እንደምትነሺ፣ እና አንድ የታወቀ መንገድ በስንት ደቂቃ እንደምትጨርሺ።

ቁንጥጫ፦

ሁላችሁም ትክክል ናችሁ፣ ግን አንድ ነገር አለሳልሳችኋል። ወለል የሚባለው ነገር ካልተጠነቀቁ ጣሪያ ይሆናል። በዓመቱ መጨረሻ 5 ደቂቃ የሚራመዱና «እየሠራሁ ነው» የሚሉ ሰዎች ሞልተዋል። 5 ደቂቃ ልማዱን ያቆያል እንጂ አካሉን አይቀይርም። ስለዚህ የመጨመሪያውም ደንብ ከመጀመሪያው ቀን ተጽፎ ይለጠፍ፦ በሳምንት ከታቀዱት ቀናት ከ5ቱ 4ቱ ከተሠሩ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለእያንዳንዱ የእርምጃ ቀን 3 ደቂቃ ይጨመራል። ከ3 በታች ከሆነ መጠኑ ሳይሆን ሰዓቱ ይቀየራል። ስሜት አይጠየቅም።

ባለሰዓቱ፦

@ቁንጥጫ በደንቡ እስማማለሁ፤ ግን የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት ነፃ ተዋቸው፤ ያኔ የምንፈትነው ሰዓቱን ነው። አራተኛውና አምስተኛው ሳምንት ላይ ደግሞ ጭማሪውን ሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ አታድርጊ፤ እርምጃው ከጨመረ የጡንቻው ዙር ባለበት ይቆይ። ያመመሽ የትኛው እንደሆነ የምታውቂው እንዲህ ነው።

ስለ መቋረጥም ልጨምር፣ መምጣቱ አይቀርምና። 1 ሳምንት ካለፈሽ ባቆምሽበት ቀጥዪ፣ የመጀመሪያው ቀን ብቻ አንድ ዙር ይቀነስ። ከ3 ሳምንት በላይ ከሆነ በግማሽ ጀምሪ፤ ትንፋሽ ከጡንቻ ጉልበት ቀድሞ ይወርዳል፣ ስለዚህ መሮጡ ከስኳቱ ይበልጥ ይከብድሻል። ጉንፋን ከአንገት በላይ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ንፍጥና ማስነጠስ፣ ወለሉን መሥራት ይቻላል። ትኩሳት፣ የደረት ሳል ወይም የሰውነት መሰባበር ካለ ሙሉ እረፍት።

የልብ_ትርታ፦

ጠያቂዋ መድኃኒት አልወስድም ብላለች፤ ይህን የምጽፈው ለሌሎች አንባቢዎች ነው። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው ከመጀመሩ በፊት ከሐኪሙ ጋር መጠኑን ይነጋገር፤ እንቅስቃሴው የደም ስኳርን ከሰዓታት በኋላም ሊያወርደው ይችላል። የልብ ምትን የሚያዘገዩ የደም ግፊት መድኃኒቶችን የሚወስድ የእጅ ሰዓቱ በሚያሳየው ምት አይመራ፤ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይታያል። ለእሱ የንግግሩ መለኪያ ይሻላል። ለማንኛውም ሰው፦ ስትሠሩ የደረት መጨነቅ፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ራስ መሳት፣ ከልክ ያለፈ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ማቆምና ወዲያው ሕክምና።

ጀማሪዋ፦

የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት እንዲህ ጻፍኩት። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ 16 ደቂቃ እርምጃ፣ ለሁለት ተከፍሎ፤ ግማሹ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ግማሹ ከሥራ ስገባ ጫማ ሳላወልቅ። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ የጡንቻው ሥራ፣ ልጆቹ እንደተኙ። ወለሉ 5 ደቂቃና 5 መነሳት። ሚዛኑ አልጋ ስር ገብቷል።

ጅማት፦

ጥሩ ነው፣ አንድ ማስተካከያ ብቻ። «ልጆቹ እንደተኙ» የሚለውን ሰዓት አትመኚው፤ አንድ ቀን 2 ሰዓት፣ አንድ ቀን 4 ሰዓት ይሆናል፣ በ4 ሰዓት ደግሞ ለመኝታሽ ይጠጋል። እራት ከተነሳ በኋላ አጠገባቸው ጀምሪው፤ ፕላንኩን ብቻ እስኪተኙ አቆዪው። ማክሰኞ የመጀመሪያው ቀን ስለሆነ ስኳቱ 8 በ1 ዙር ይሁን፤ ረቡዕ እርምጃ አለብሽ።